ባለ ሁለት መስመሩ በቃኝ፦ ለቤት ውስጥ ሥራ የገዛሁት ሌዘር ውሃ ልክ

ባለቤቴ ሎሚ አምጥታ አዲሱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ሎሚው ትንሽ ቆም አለና ወደ ግራ መንከባለል ጀመረ። ጫፍ ደርሶ ወደቀ። ምንም አላለችም። አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ወደቀ። በሦስተኛው እኔው ቀለብኩት።

መደርደሪያውን እኮ በግምት አልሰቀልኩትም። በውሃ ልክ ነው የሰቀልኩት። 40 ሴንቲ የምትሆን ቢጫ ውሃ ልክ አለችኝ። አረፋዋ ከሁለቱ መስመሮች መሃል ቁጭ ብላ ነበር። ግራ ሲገባኝ ጎረቤታችንን ጋሼን ጠራኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአናጢነት የሠሩ ሰው ናቸው። ውሃ ልኳን መደርደሪያው ላይ አድርገው አረፋዋን አዩ። ከዚያ የቀኟን ጫፍ ወደ ግራ አዙረው እዚያው ቦታ ላይ መልሰው አስቀመጧት። አረፋዋ መስመሩን ጥሳ ሄደች።

«ይቺ ወድቃለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ ከመሰላል ላይ ጥያታለሁ። ጤነኛ ውሃ ልክ ሲዞርም አረፋው እዚያው ቦታ ይመለሳል። የእናንተንም ዛሬውኑ አዙራችሁ እዩ፤ ወጪ የለውም።

ሌዘር፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ልኩን የጠበቀ የብርሃን መስመር የሚጥል መሣሪያ፣ የመግዛት ሐሳብ የመጣው ከዚያ ሎሚ ነው። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ግን ግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ እንጨት ስቆርጥ እገኛለሁ። ክፍሏ 3 በ4 ናት። በወቅቱ ከፊቴ የነበረው ሥራ የኩሽና ቁምሳጥን ነበር፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 2 ሜትር ከ70 የሚረዝም፣ ሦስት ሳጥን። በ40 ሴንቲ ውሃ ልክ 2.70 መሄድ ማለት ስህተትን በየ40 ሴንቲው እየተቀባበሉ መሄድ ነው።

ጋሼ መፍትሔያቸው ሁሌም አንድ ነው። ውሃ የሞላበት ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ። አንዱን ጫፍ እዚህ ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን እዚያ ማዶ ትይዛላችሁ፤ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ትክክለኛነቱ ላይ ምንም አልልም። እንዲያውም ከብዙ ሌዘር ይበልጣል። ችግሩ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ጎማው ውስጥ አንዲት አረፋ ከተደበቀች ያሳስታል፣ መስመርም አይሰጣችሁም፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። የእኔ ረዳት ደግሞ የ12 ዓመት ልጄ ነው። ሁለተኛው ምልክት ላይ ስንደርስ ጎማውን ለቆ ኳስ ሊጫወት ይሄዳል፤ ውሃው ወለሉ ላይ።

እናም ሌዘር።

መጀመሪያ የገዛሁት ከቴሌግራም ነው። እዚህ ላይ ሳቁብኝ። 2,900 ብር። ፎቶው ላይ ያማረ ነበር፤ በሞተር አመጡልኝ፣ በሩ ላይ አብርተው አሳዩኝ፣ አረንጓዴ መስመር ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፣ ከፈልኩ። ማብራትና ልክ መሆን ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ያን ቀን አላሰብኩትም።

ማታ ኩሽና ውስጥ አስቀመጥኩት። ከጋሼ ጋር በጎማው ያደረግናቸው ሁለት የእርሳስ ምልክቶች ግድግዳው ላይ ነበሩ፤ አንዱ ግራ ጥግ፣ አንዱ ቀኝ ጥግ። የሌዘሩን ከፍታ ከግራው ምልክት ጋር አገጣጠምኩ። ቀኝ ጥግ ሄጄ ሳይ መስመሩ ከምልክቱ 4 ሚሊ በላይ ያልፋል። ጎማው ውስጥ አረፋ ይሆናል ብዬ በነጋታው ደግመን ለካን። ያው 4 ሚሊ። ለሻጩ ጻፍኩለት። «ግድግዳህ ነው ጠማማው» አለኝ። መስመሩ እኮ ግድግዳውን አይከተልም፤ ግድግዳው ቢጣመምም አግድም መስመር አግድም ነው። ይህን ሳስረዳው ብሎክ አደረገኝ።

እቃው ላይ የጨረሩ ደረጃ የተጻፈበት ተለጣፊ አልነበረውም። ይህንንም ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ለቤት ሥራ የሚሆኑት አብዛኞቹ «ክላስ 2» የሚል ይጻፍባቸዋል፤ ጉልበቱ ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም ማለት ነው። በድንገት ዓይን ቢነካ ዓይናችን ራሱ ጨፈን ብሎ ይከላከላል፤ አፍጥጦ ማየት ግን ክልክል ነው። ደረጃው ያልተጻፈበትን እቃ ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ አታብሩ።

ሁለተኛውን ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። አሁን ብልህ ሆኛለሁ። አንድ የቱንቢ ገመድ፣ ሜትር፣ እርሳስና የወረቀት ፕላስተር በፌስታል ይዣለሁ።

ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ወዲያው ያወጣው ባለ 16 መስመሩን ነው። መብራቱን አጠፋና አበራው። ሱቁ በአንዴ የሠርግ አዳራሽ መሰለ። ወለል ላይ፣ ኮርኒስ ላይ፣ ግድግዳው ሁሉ ላይ መስመር። «ወንድሜ ይሄ ነው እቃ» አለኝ። ሰው በዚህ ተደንቆ እንደሚገዛ ገባኝ፤ እኔም ለትንሽ ነው የቀረሁት።

ባለ 16 የሚባለው አራት ዙር ነው፤ ሁለቱ ቁም፣ ሁለቱ አግድም፣ እያንዳንዱ 360 ዲግሪ ይዞራል። ከአግድሞቹ አንዱ ወለሉ አጠገብ ስለሚወጣ ሴራሚክ ለሚያነጥፍ ሰው ይመቻል። ባለ 12ቱ ሦስት ዙር ነው። ጂብሰም ኮርኒስ የሚሠሩ ልጆች ክፍሉን በሙሉ በአንዴ ምልክት ማድረግ ስለሚፈልጉ ለእነሱ ተገቢ ነው። እኔ ግን በአንድ ጊዜ በአንድ ግድግዳ ላይ ነው የምሠራው። ከጀርባዬ ያለው መስመር የሚያደርግልኝ ነገር ቢኖር ዞር ስል ዓይኔን መውጋት ነው። ባትሪውንም ይበላል።

ባለ ሁለት መስመሩ ደግሞ አንድ አግድም፣ አንድ ቁም፣ መስቀል ሠርቶ ወደ ፊት ብቻ ይወጣል። የመስመሩ ስፋት ይበቃል ወይ የሚለው አሳስቦኝ ነበር። ብዙዎቹ 110፣ 120 ዲግሪ ገደማ ይከፈታሉ። 120 ከሆነ ከግድግዳው አንድ ሜትር አርቃችሁ ስታስቀምጡት 3 ሜትር ከ40 ገደማ የሚሆን መስመር ታገኛላችሁ። የእኔ ኩሽና 2.70 ነው። አለቀ።

ቀለሙ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አረንጓዴውን ውሰዱ። የሰው ዓይን በደንብ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። አረንጓዴው ሌዘር ለዚያ ይቀርባል፤ ቀዩ ከ635 በላይ ስለሆነ ይርቃል። ቀዩ ማታ ምንም አይልም። ቀን ላይ በመስኮት ፀሐይ ሲገባ ግን መስመሩን በዳሰሳ ነው የምትፈልጉት። አረንጓዴውም ፀሐይ በቀጥታ የመታው ግድግዳ ላይ ይደክማል፤ መጋረጃ ሳብ ማድረግ ነው። አንድ ነገር ለቀዩ ልመስክርለት፤ ባትሪ ይቆጥባል።

ልጁን ባለ ሁለት መስመር አረንጓዴ ስጠኝ ስለው ትንሽ ፊቱ ጠቆረ። 6,500 አለ። መጨረሻ ስንት ስለው 6,000። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከ2016 ሐምሌ ወዲህ የመሣሪያ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት አንድ አይደለም፤ ስለዚህ የእኔን ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙት። «ልፈትነው?» አልኩት። «ፈትነው፣ ምን ችግር አለው» አለ። እንዲህ የማይል ሻጭ ጋር አትቆዩ።

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ 5 ሜትር ይሆናል። ሌዘሩን በሩ ጋ ባለው ግድግዳ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቡ ባለው ግድግዳ መስመሩ ባረፈበት ፕላስተር ለጥፌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዙሬ እዚያም ምልክት አደረግኩ። ቀጥሎ ወንበሩን ጭምር ተሸክሜ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ወሰድኩት። ከሥሩ ካርቶን እየከተትኩ መስመሩን እዚያ ካለው ምልክት ጋር አገጣጠምኩና ወደ በሩ መልሼ አዞርኩት። አሁን መስመሩ በሩ ጋ ካለው የመጀመሪያ ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ሲሳሳት ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ሁለት ጊዜ ስለሄደ። ካርቶኑ ላይ በ10 ሜትር 3 ሚሊ የሚል ከተጻፈ በ5 ሜትር ሱቅ ውስጥ በሁለቱ ምልክቶች መሃል እስከ 3 ሚሊ ይፈቀድለታል።

ሁለት ሚሊ ሆነ።

ይህ ፈተና ጨረሩ ወደ ፊት ሲሄድ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ነው የሚያሳየው። መደርደሪያ ለሚሰቅል ሰው የባሰው ግን መስመሩ ራሱ ወደ ጎን ማዘንበሉ ነው፤ የቴሌግራሙ በሽታ ይሄ ነበር። ለዚህ ሌዘሩን ከአንድ ግድግዳ 4 ሜትር አርቃችሁ የመስመሩ መሃል ያረፈበት ቦታ ላይ አንድ ምልክት ታደርጋላችሁ። ከዚያ መሣሪያውን ከቦታው ሳታነሱ ወደ ግራ ታዞሩታላችሁ፤ የመስመሩ ቀኝ ክንፍ ያንኑ ምልክት ይነካ። ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ግራ ክንፉ ይንካው። ሦስቱም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። አዲሱ በአንድ ሚሊ ብቻ ተለያየ። ቤት ያለውን በዚሁ ስፈትነው 8 ሚሊ ሆነ።

የቁም መስመሩ ቀላል ነው። ቱንቢ ታንጠለጥላላችሁ፣ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ፣ መስመሩን ገመዱ ላይ ትጥላላችሁ። ከላይ እስከ ታች ገመዱን ካልለቀቀ ጤነኛ ነው። ልጁ ገመዱን ሳወጣ «አባቴም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው» አለኝና ዋጋውን 5,800 አደረገልኝ።

የእቃውን ስም ያልጠራሁት ደብቄ አይደለም። ይኸው እቃ፣ ይኸው ፕላስቲክ፣ በሌላ ሱቅ ሌላ ስም ተለጥፎበት አይቼዋለሁ። ስሙን ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያለውን አንዱን እቃ ፈትኑ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ባለሙያዎች የሚያውቁት ዲዋልት ዲደብሊው 088 ትክክለኛነቱ በሜትር 0.3 ሚሊ ነው፤ ቦሽ ጂኤልኤል 3-80 በሜትር 0.2 ሚሊ ይላል። የእኔ በልኬቴ 0.2 ላይ ነው። ልዩነቱ ዲዋልቱና ቦሹ ከሁለት ዓመት ሥራና ከአንድ ሁለት ውድቀት በኋላም እዚያው መቆየት መቻላቸው ላይ ይመስለኛል። በየቀኑ የምትሠሩበት ከሆነ ለዚያ መክፈል ያዋጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ለምሠራው ለእኔ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ኩሽናው። ሌዘሩን ወለሉ ላይ ትሪፖድ አቁሜ አንድ ሜትር ከፍታ አካባቢ አበራሁት። ከመስመሩ እስከ ወለሉ በሜትር ለካሁ። ግራ ጥግ 1,000 ሚሊ። ቀኝ ጥግ 1,019። ወለላችን በ2 ሜትር ከ70 ውስጥ ወደ ሁለት ሴንቲ ይወርዳል! በዚህ ቤት ሰባት ዓመት ኖረናል። ያ ሁሉ ከማድጋው ሥር የሚጠራቀም ውሃ ለምን ሁልጊዜ በአንድ በኩል እንደሚሄድ ያን ቀን ገባኝ። ኮርኒሱን ስለካው እሱም በራሱ መንገድ ያዘነብላል፤ ወደ ሌላው አቅጣጫ 11 ሚሊ።

እዚህ ላይ ሌዘሩ አዲስ ጭንቀት አመጣብኝ። ቁምሳጥኑን ከኮርኒስ ጋር አጣብቄ ነበር ልሠራ ያሰብኩት። በልኩ ብሰቅለው ከላዩ ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ምንም፣ በሌላው በኩል 11 ሚሊ ይሆናል፤ የሚያይ ሁሉ ቁምሳጥኑ ነው የተጣመመው ይላል። ከኮርኒሱ ጋር ባስኬደው ደግሞ ሎሚው ይወድቃል። ጋሼን ጠየቅኳቸው። ብዙም አላሰቡ። «ከኮርኒስ አርቀው። አንድ ስንዝር ያህል። ዓይን የሚይዘው ጠባቡን ክፍተት ነው፤ ሰፊውን አይለካውም።» 15 ሴንቲ ዝቅ አደረግነው። እስካሁን አንድም እንግዳ ኮርኒሱ ያዘነበለ ነው አላለም።

መስቀያውን የሠራሁት በ45 ዲግሪ ከተሰነጠቀ ጣውላ ነው። አንዱ ግማሽ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ቁምሳጥኑ ጀርባ ላይ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይቀመጣል። መስመሩን የጣውላው የላይኛው ጠርዝ ላይ ጣልኩት፣ ሰባት ቀዳዳ በድሪል፣ ሰባት ፊሸር፣ ሰባት ብሎን። ሁለቱም እጄ ነፃ ነበር። ልጄ ኳሱን ሄዶ ይጫወት። ከጎማው የሚለየው ይህ ነው፤ መስመሩ እናንተ ብትሄዱም እዚያው ይጠብቃችኋል።

ቅሬታም አለኝ። መስመሩ ወፍራም ነው። 4 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመስመሩ የትኛውን ጠርዝ እንደምትከተሉ ቀድማችሁ ወስኑ። እኔ የታችኛውን ነው፤ አንዱን ምልክት ከላይ፣ ሌላውን ከታች ማድረግ ሌዘሩን ራሱ ያስንቃል። አብሮት የመጣው ባለ ማግኔት መያዣ ብረት ላይ ይይዛል፤ የእኔ መስኮት አልሙኒየም ስለሆነ ምንም አልጠቀመኝም። ትሪፖድ አብሮት አልመጣም። እቃው ሥር ያለው ቀዳዳ ግን የካሜራ ትሪፖድ የሚቀበል፣ ሩብ ኢንች የሚሉት ዓይነት ስለሆነ የዘመዴን የፎቶ ትሪፖድ ወሰድኩ። ይህን ሳትገዙ እዩት፤ ሌላ ቀዳዳ ያላቸውም አሉ። ባትሪው በታይፕ ሲ ይሞላል፤ እንደ ስልክ። መብራት በጠፋበት ቀን ባትሪው ሲያልቅ ሥራ ቆመ። በተራ ባትሪም የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤት ሱቅ ገዝቼ እቀጥል ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ውስጡ እንደ ቱንቢ የሚወዛወዝ ክብደት አለ። ሲያዘነብል ራሱን የሚያስተካክለው በዚያ ነው፤ እስከ 4 ዲግሪ ድረስ፣ ይህም በሜትር 7 ሴንቲ ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ መስመሩ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ «ልክ አይደለሁም» ማለቱ ነው። ከጎኑ መቆለፊያ አለ። ከቦታ ቦታ ስታንቀሳቅሱት ቆልፉት። ሳይቆለፍ ቦርሳ ውስጥ ሲንገጫገጭ ክብደቱ ይጋጫል፣ ልኩም ይዛባል። የቴሌግራሙ እቃዬም ምናልባት በሞተር ሲመጣ እንደዚያ ሆኖ ይሆናል። ሻጩ ብሎክ ባያደርገኝ ይህን እነግረው ነበር።

በዓመት አንድ መደርደሪያ የምትሰቅሉ ከሆነ ግን አትግዙ። አንድ ሜትር ደህና ውሃ ልክ ይበቃችኋል፤ አዙራችሁ ፈትኑት ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌዘሩን ተዋሱኝ። ሦስት በር የሚገጥሙበት ቤት ነበራቸው። ጎማው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ረቡዕ ማታ መለሱልኝ፤ አመስግነው፣ ሙዝ ጨምረው። ቦርሳውን ስከፍት መቆለፊያው ክፍት ነው። ምንም አላልኳቸውም። እራት እንኳን ሳልበላ ሳሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ መርካቶው ሱቅ ፈተንኩት። ባለቤቴ ወንበር ተሸክሜ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ እያየች፣ አዲስ ቀለም ላይ በእርሳስ ምን እየጻፍክ ነው አለችኝ።

ያው ሁለት ሚሊ ነው።